መጅሁል ወይስ ባርሂ? ለአሚባራ መሬት የቴምር ዝርያ ስለመምረጥ

አፋር ክልል፣ አሚባራ ውስጥ በመስኖ የሚለማ መሬት አግኝተው «መጅሁል ልትከል ወይስ ባርሂ?» ብለው ለጠየቁን ወንድማችን፣ ታችኛው አዋሽ ላይ በቴምር ችግኝ ሥራ ቆይቼ ዛሬ መርካቶ ቴምር የምነግድ እንደመሆኔ የማውቀውን ላካፍልዎት።

በረመዳን ሰሞን መርካቶ ላይ ደህና ዋጋ የሚያወጣው ትልልቁ መጅሁል ስለሆነ አብዛኛው ሰው ምርጫውን ከዚያ ይጀምራል። እኔ ግን ከጣዕምና ከዋጋ በፊት የማየው ፍሬው የሚበስልበትን ወቅት ነው። ቴምር ሥሩ ውኃ፣ አናቱ ሐሩር ይፈልጋል፤ በመብሰያው ሰሞን ዝናብ ከመታው ግን ቆዳው ይሰነጠቃል፣ ይሻግታል፣ ይኮመጥጣል። የአፋር ዋናው ዝናብ ከሐምሌ እስከ መስከረም ባለው ጊዜ የሚጥል በመሆኑ፣ መጠኑ ትንሽ ቢሆንም ከመብሰያው ጋር ከገጠመ የዓመቱን ልፋት ያበላሻል። መጅሁልና ደግለት ኑር የሚባለው ሌላው ዝርያ ዛፍ ላይ ሙሉ በሙሉ መብሰል ስላለባቸው ለዚህ ይጋለጣሉ። ባርሂ ግን ቢጫና ጠጣር ሳለ ጣፋጭ ስለሆነ ቀድሞ ሊቆረጥ ይችላል። ችግሩ በዚያ ደረጃው ብዙ አይቆይም፣ የአዲስ አበባ ሸማችም ቢጫውን ሲያይ «ጥሬ ነው» ብሎ ያልፈዋል። ቢሆንም አብዛኛውን መሬት ለባርሂ ሰጥተው፣ መጅሁልን በጥቂት ዛፎች ቢሞክሩት እመክራለሁ። ከመወሰንዎ በፊት ታችኛው አዋሽ ላይ ወዳሉት አሳይታና አፋምቦ ድረስ ወርደው ነባሮቹ ዛፎች በየትኛው ወር እንደሚበስሉ ይጠይቁ።

አሚባራ ጨዋማነት የሚያስቸግረው አካባቢ ነውና አፈሩንም ውኃውንም ያስመርምሩ። ቴምር የአፈር ጨዋማነት በሜትር እስከ 4 ዴሲሲመንስ (የምርመራው ውጤት የሚገለጽበት የጨዋማነት መለኪያ) ቢደርስ ምርቱ እምብዛም አይጎዳም፤ ከዚያ በላይ ግን እየቀነሰ ይሄዳል፣ ውኃ የሚቋጥር መሬት ከሆነ ደግሞ ይብሳል።

ችግኙን ከቴምር ዘር አያፍሉ፤ ግማሽ ያህሉ ፍሬ የማይሰጥ ወንድ ይሆናል፣ ሴቶቹም እናታቸውን አይመስሉም። ከእናት ዛፍ ግርጌ የተነቀለ ቡቃያ ወይም በቲሹ ካልቸር (ከእናት ዛፍ በተወሰደ ቁራጭ ቤተ ሙከራ ውስጥ) የተባዛ ችግኝ ይግዙ። በቲሹ ካልቸር ከተባዛ ባርሂ መካከል አብቦ ፍሬ የማይቋጥር ዛፍ ስለሚያጋጥም፣ ሻጩ እንዲተካልዎ በጽሑፍ ያስፈርሙት።

ለ50 ሴት ዛፍ አንድ ወንድ ይበቃል። የሴቷ የአበባ ሽፋን እንደተሰነጠቀ በጥቂት ቀናት ውስጥ የወንዱን አበባ ዘለላ በመሃሏ ገልብጦ አስገብቶ ላላ አድርጎ ማሰር ያስፈልጋል። ወንዱ ከሴቶቹ ቀደም ብሎ የሚያብብ ቢሆን ይመረጣል፤ የአበባው ዱቄት በደንብ ደርቆ ሊቀመጥ ሲችል፣ ዘግይቶ የሚያብብ ወንድ ግን ለዚያ ዓመት አይደርስልዎትም።