መልስ፦ ሥዕል ልጆችን ወደ ትምህርት ቤት ይመልሳል?

ከትምህርት ገበታ ስለራቁ ሕፃናት የሥዕል ዐውደ ርእይ ማዘጋጀት ለውጥ ያመጣ እንደሆነ ጠይቀዋል። ያመጣል፤ ነገር ግን የሚያለቅስ ፊት በማሳየት ብቻ አይደለም።

አሜሪካዊው ፎቶግራፍ አንሺ ሉዊስ ሃይን አስቀድሞ መምህር ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1908 ጀምሮ በፋብሪካና በማዕድን ማውጫ የሚሠሩ ሕፃናትን ሲያነሣ ዕድሜያቸውንና ሥራቸውን ይመዘግብ፣ ቁመታቸውንም በኮቱ ቁልፎች እየገመተ ይጽፍ ነበር። ተመልካቹን የያዘው ይህ ይመስለኛል፤ ከሐዘኑ ጋር ማስረጃም አለ። ያም ሆኖ የሕፃናትን ጉልበት የሚገድበው ዘላቂ የአሜሪካ ፌዴራል ሕግ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1938 ነው። ስለዚህ የእርስዎ ዐውደ ርእይ በአንድ ሳምንት ፍሬ ባያሳይ ተስፋ አይቁረጡ።

አንድ ነገር አጥብቄ እለምንዎታለሁ፦ ቀለሙንና ብሩሹን ለልጆቹም ይስጡ። እርስዎ ባዶ ደብተር በሚስሉበት ቦታ አንዲት ልጅ ያዘለችውን ታናሽ ወንድሟን ትስል ይሆናል፤ ከክፍል ያስቀራት እርሱን መጠበቅ ነውና። ይህን ከእርሷ በቀር ማን ያውቃል? የልጁና የወላጁ ፈቃድ ሳይኖር ፊት የሚያሳይ ፎቶግራፍ አይስቀሉ። ከየሥዕሉ አጠገብም ተመልካቹ ዛሬውኑ ሊያደርግ የሚችለውን አንድ ነገር በግልጽ ይጻፉ፤ ደብተር መስጠትም ሆነ በሳምንት አንድ ሰዓት ማስጠናት።