የድሮ አስፈሪ ፊልም አላስፈራሽም? መጀመሪያ ቅጂውን እንይ

ጥያቄ፦ ሰላም ወንድሜ። አስፈሪ ፊልም በጣም እወዳለሁ፣ የማየው ግን አብዛኛውን ጊዜ የአሁኖቹን ነው። ባለፈው ሳምንት ሰው ሁሉ ሲያደንቀው ስለምሰማ «ኖስፌራቱ» የሚባለውን የ1922ቱን ድምፅ አልባ ፊልም ከፍቼ አየሁ። እውነቱን ልንገርህ፣ ምንም አልፈራሁም። ሰዎቹ የሚራመዱት እየሮጡ ነው። ደም መጣጩን የፀሐይ ብርሃን ይገድለዋል ይባላል፣ እሱ ግን የሬሳ ሣጥኑን ታቅፎ በጠራራ ፀሐይ ከተማ ውስጥ ይሄዳል። ሙዚቃውም ከሚታየው ነገር ጋር አይገናኝም። ግማሽ ላይ ስደርስ ስልኬን አነሳሁ። ችግሩ የእኔ ነው ወይስ ፊልሙ ጊዜው አልፎበታል? የድሮዎቹን ማየት ብፈልግስ ከየቱ ልጀምር?

መልስ፦ እህቴ፣ ችግሩ የአንቺ አይደለም። የፊልሙም አይደለም። የጻፍሽልኝን ሳነብ ገና ከመጀመሪያው የጠረጠርኩት ያየሽውን ቅጂ ነው።

ከፀሐዩ እንጀምር። በዚያ ዘመን የነበረው ፊልም ለመቅረጽ ብዙ ብርሃን ይፈልግ ስለነበር፣ ውጭ የሚሆኑ የሌሊት ትዕይንቶች የሚቀረጹት በቀን ነው። ከዚያ ፊልሙን ቀለም ይነክሩታል። ሰማያዊ ከሆነ ሌሊት ነው፣ ቢጫማ ከሆነ ቀን ወይም መብራት የበራበት ቤት፣ ሮዝማ ከሆነ ደግሞ ንጋት። የጊዜው ተመልካች ይህን ሳይነገረው ያውቃል። በኋላ ግን ፊልሙ ከቅጂ ላይ ቅጂ ሲባዛ ቀለሙ ቀረና ጥቁርና ነጭ ብቻ ሆኖ ተሰራጨ። አንቺ ያየሽው እንግዲህ ሌሊቱን የተነጠቀ ፊልም ነው።

ሩጫውም እንደዚያው ነው። የያኔው ካሜራ በእጅ የሚዞር ስለነበር ፍጥነቱ አንድ ወጥ አልነበረም፣ ብዙ ጊዜ በሰከንድ ከ16 እስከ 20 ፍሬም (ነጠላ ምስል) አካባቢ ነው። 24 ፍሬም መደበኛ የሆነው ድምፅ ያለው ፊልም ሲመጣ ነው። በ18 የተቀረጸውን በ24 ስታጫውቺው አንድ ሦስተኛ ያህል ይፈጥናል፣ ቀስ ብሎ ወደ በሩ የሚመጣው አስፈሪ ሰውዬ ችኩል ይሆናል፣ ፍርሃቱም እዚያው ያልቃል። ሙዚቃውን ደግሞ በየሲኒማ ቤቱ ሙዚቀኞች በቀጥታ ይጫወቱት ነበር፣ ፊልሙ ላይ አልተቀረጸም። ስለዚህ በየቦታው በሚገኙት ቅጂዎች ላይ ያገኙትን ሙዚቃ ለጥፈውበት ታገኛለሽ።

በነገራችን ላይ ይህ ፊልም መትረፉ ራሱ ይገርማል። ዳይሬክተሩ ሙርናውና አዘጋጆቹ ታሪኩን የወሰዱት ከብራም ስቶከር «ድራኩላ» ነው፣ ያለ ፈቃድ። የደራሲው ባለቤት ከሰሰች፣ በ1925 ፍርድ ቤቱ ቅጂዎቹ በሙሉ እንዲወድሙ ወሰነ። የተረፉት ከእጃቸው ያመለጡት ብቻ ናቸው። የተቆራረጠና የደበዘዘ ቅጂ የበዛውም ለዚህ ነው። ቀለሙ የተመለሰለትን፣ ከ90 ደቂቃ በላይ የሚሄደውን የታደሰ ቅጂ ፈልጊና እንደገና እይው። ያ የሬሳ ሣጥን በሰማያዊው ጨለማ ውስጥ ሲያልፍ ሌላ ነገር ነው።

ስለ ስልኩም ልንገርሽ። የአሁኖቹ ፊልሞች ዞር ብንል እንኳ በድንገተኛ ጩኸት መልሰው ይጠሩናል። የድሮዎቹ አይጠሩሽም፣ የሚጠብቁት አንቺን ነው። ለዚህ ከማውቀው ሁሉ የምወደው ምሳሌ የ1942ቱ «ካት ፒፕል» ነው። አንዲት ሴት በሌሊት ብቻዋን ትሄዳለች፣ ከአንዱ የመንገድ መብራት ወደ ሌላው። ከኋላዋ ሌላ ሴት ትከተላታለች። ሙዚቃ የለም። የሁለት ሰው የተረከዝ ድምፅ ብቻ ነው የሚሰማው፣ ቋ ቋ ቋ። ከዚያ አንደኛው ይቆማል። ማንም አይነግርሽም፣ ካሜራውም አያሳይሽም፣ አዳምጠሽ ካልሆነ ያመልጥሻል። ካዳመጥሽ ግን የተከታይዋ ጫማ የጠፋው ለምን እንደሆነ ገብቶሽ ገላሽ ይሸማቀቃል፣ ምክንያቱም ያቺ ሴት ወደ ግስላ ትለወጣለች የሚለውን ነገር ቀደም ብለሽ ሰምተሻል። ከፊት የምትሄደዋ ሴት ትሮጣለች፣ ድንገት እንደ አውሬ የሚያፏጭ ድምፅ ይመጣል። አውቶቡስ ነው፣ ፍሬን ይዞ። ዛሬ በየፊልሙ የምናየው «ድንግጥ አድርጎ ምንም አልነበረም» የሚለው ዘዴ በፕሮዲውሰሩ በቫል ሉተን ስም እስካሁን «የሉተን አውቶቡስ» ይባላል። ገንዘብ ስላልነበራቸው አውሬውን ብዙ ማሳየት አልቻሉም። ያው ፊልም ውስጥ ያለው የመዋኛ ገንዳ ትዕይንትም ግድግዳ ላይ የሚንቀሳቀስ የውሃ ጥላና ድምፅ ነው። እኔ ይህን ስንት ጊዜ እንዳየሁት አላውቅም፣ አሁንም መብራት ማብራት ያሰኘኛል።

መብራት አጥፊ፣ ስልኩን ሌላ ክፍል ተዪው፣ ጥሩ የጆሮ ማዳመጫ ካለሽ አድርጊ። ለሁለት ቀን አከፋፍለሽም አትዪው።

መነሻሽ ግን 1922 አይሁን። ከ1960ው «ሳይኮ» ጀምሪ፣ ለለመድሽው ቅርብ ነው። የሻወሩን ትዕይንት ለመቅረጽ ሰባት ቀን ፈጅቷል፣ ደሙም የቸኮሌት ሽሮፕ ነው። ዳይሬክተሩ ሂችኮክ መጀመሪያ እዚያ ቦታ ሙዚቃ አያስፈልግም ብሎ ነበር። የሙዚቃው ደራሲ በርናርድ ሄርማን በባለ ክር መሣሪያዎች ብቻ የሠራውን ሲሰማ ሐሳቡን ቀየረ፣ እንኳንም ቀየረ።

ከዚያ ወደ ኋላ፣ ወደ 1931ዱ «ፍራንከንስታይን» ሂጂ። ጭራቁን ሆኖ የሚጫወተውን የቦሪስ ካርሎፍን ፊት ሳይሆን እጆቹን እዪ። ከጣሪያው ብርሃን ሲገባ ለመጀመሪያ ጊዜ ያያል፣ ሊይዘው ይዘረጋቸዋል። እኔ እዚያ ጋ ፈርቼ አላውቅም፣ የሚሰማኝ ሐዘን ነው። ሐይቁ ዳር ከትንሿ ልጅ ጋር አበባ እየወረወሩ የሚጫወቱበትም አለ። አበባው ሲያልቅ እሷም የምትንሳፈፍ መስሎት ወደ ውሃው ይወረውራታል። ይህ ክፍል ለአሥርተ ዓመታት በሳንሱር ተቆርጦ ነበር። መቀሱ ያረፈው እጁን ወደ ልጅቷ ሲዘረጋ ስለነበር ሰው የባሰ ነገር እንዲያስብ አደረገው፣ የዋህነቱም ጠፋ። የአሁኖቹ ቅጂዎች ላይ ተመልሷል፣ ግን አረጋግጪ።

የዚያኑ ዓመት «ድራኩላ» እንደ ፍላጎትሽ። ድራኩላን ሆኖ የሚጫወተው ቤላ ሉጎሲ ትኩር ብሎ ሲያይ አይረሳም፣ ሁለተኛው አጋማሽ ግን መድረክ ላይ እንደቆመ ቲያትር ይጎተታል። ሌሊት ሌሊት በዚያው ስቱዲዮ፣ በሌሎች ተዋንያን የተቀረጸ የስፓኒሽ ቅጂ አለ። በካሜራ እንቅስቃሴ እሱ ይበልጣል ባይ ነኝ።

ጥያቄ፦ የ1968ቱን «ናይት ኦፍ ዘ ሊቪንግ ዴድ» ቀለም የተቀባ ቅጂ አገኘሁ። ጥቁርና ነጭ ይሰለቸኛል። ይህን ባየው የሚቀርብኝ ነገር አለ?

መልስ፦ አዎ ወንድሜ፣ ብዙ ይቀርብሃል። የጆርጅ ሮሜሮ ፊልም እንደ ዜና ቀረጻ ሆኖ ነው የሚያስፈራው፣ ያ ሻካራ ጥቁርና ነጭ እውነት ያስመስለዋል። ቀለሙ ሲቀባ ጥላው ሁሉ ይጠፋል። የፊልሙ ርዕስ ሲቀየር የቅጂ መብት ማሳሰቢያው አብሮ ስለወጣ ፊልሙ የሕዝብ ሆነ፣ ማንም ያባዛዋል፣ ማንም ይቀባዋል። በ2016 ከዋናው ነጋቲቭ (ካሜራው ውስጥ ከነበረው ፊልም) የታደሰ ቅጂ ወጥቷል። እሱን ፈልግ፣ የመጀመሪያዋን የመቃብር ቦታ ትዕይንት ብቻ እይና ከያዝከው ጋር አስተያየው።