«ማን ልኮህ ነው?» እንዳትባል

ወንድሜ፣ ጥያቄህን አይቼዋለሁ። የሰርት (አደጋ ሲደርስ ሠፈሩን የሚረዳ የበጎ ፈቃደኞች ቡድን) ሥልጠና ጨርሰሃል፣ የምትኖረው ዳላስ አካባቢ ነው፣ ቶርኔዶ ሠፈርህን ቢመታ ቦርሳህ ውስጥ ምን እንደምትይዝ ነው የጠየቅከው። የቦርሳው ነገር ይቆይህ። እኔን ያስከፈለኝ ሌላ ነው።

1. የቡድንህ አስተባባሪ ሳይጠራህ ከቤት እንዳትወጣ። እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 26 ቀን 2015 እዚያው ዳላስ አጠገብ ጋርላንድ ነበርኩ። ቅዳሜ ነው፤ ፈረንጆቹ ገናን አክብረው አድረዋል፣ እኛ ገና ጾም ላይ ነን። ከምሽቱ አንድ ሰዓት ሊሆን ሲል ቶርኔዶው ወረደ። ኢኤፍ 4 ነው፤ ከ0 እስከ 5 ባለው የቶርኔዶ ኃይል መለኪያ ከላይ ሁለተኛው። 10 ሰው ገደለ፤ አብዛኞቹ ሀይዌይ 30 እና ጆርጅ ቡሽ የሚባለው አውራ ጎዳና የሚገናኙበት ጋ መኪና ውስጥ የነበሩ ናቸው። የእኔ ቤት አልተነካም። ሦስት መንገድ አልፎ ያለው ሠፈር ግን ጣሪያ የሚባል አልቀረለትም። እኔ ጀግናው የሰርት ቬስቴን አጥልቄ መኪናዬን አስነሳሁ። ሁለት መቶ ሜትር ሳልሄድ ሦስት ጎማ ተነፈሰ። መንገዱ ሁሉ ሚስማር ነው። ያውም መኪናዬ መንገዱን ዘግታ ከኋላዬ አምቡላንስ ይጮኻል። ፖሊሱ የሰደበኝን አልጽፍልህም። ሰዎች ገፍተው ወደ ዳር አወጡልኝ።

2. ጫማ። ሥልጠናው ላይ ቦት ብለውናል፤ እኔ በስኒከር ነበርኩ። አንዱ ግቢ ውስጥ እግሬን ሳነሳ ጣውላው አብሮ ተነሳ። ሚስማሩ ሶሉን አልፎ ገብቷል። ነቅዬ ቀጠልኩ። (ይሄን እንዳታደርግ።)

3. ጋዝ ከሸተተህ ቆጣሪው ላይ ያለውን ቁልፍ ቱቦውን አቋርጦ እስኪቆም አዙረው። አንዴ ከዘጋኸው መልሰህ አትክፈት፤ የሚከፍተው የጋዝ ኩባንያው ብቻ ነው። አንድ አፓርታማ ጀርባ ይሄንኑ ዘግቼ ስመለስ እሳት አደጋዎቹ በእንግሊዝኛ ተጣርተው፣ መልስ ሲያጡ ወደሚቀጥለው ሊያልፉ ነው። ባትሪዬን ሳበራ ፍርስራሹ ላይ ረከቦት ተገልብጦ አየሁ። «እማማ! ሰው አለ?» ብዬ ጮህኩ። «ማነህ አንተ?» የሚል ድምፅ መጣ። መታጠቢያ ገንዳው ውስጥ ፍራሽ ለብሰው ተኝተዋል። ውጡ ስላቸው «ልጄ ለማንም እንዳትከፍቺ ብላኛለች» አሉኝ። የሚከፈት በር እኮ የለም! ያን ቀን አማርኛዬ ከሥልጠናው ሁሉ በለጠ፤ ብኮራ አይፈረድብኝም።

አሁን ወደ ንዴቴ። ለሊቱን ድንገተኛ ክፍል ገባሁ፤ እግሬን አጠቡ፣ የቴታነስ መርፌ ወጉኝ። ከሳምንታት በኋላ 1,900 ዶላር ቢል መጣ። ወጪውን እንዲሸፍኑልኝ ወረቀቴን ይዤ የሚመለከተው ነው የተባልኩት ቢሮ ሄድኩ። ሴትዮዋ ቀና ብላ እንኳን አላየችኝም። «ማን ልኮህ ነው?» አለችኝ። ቬስቱን አሳየኋት። «እሱን ማንም ይለብሰዋል» አለች። ስሜ የተላኩት ሰዎች ዝርዝር ላይ የለማ! ለካ አስተባባሪያችን መገናኛ ቦታ ወስኖ ቴክስት ልኮ ነበር። ስልኬ መኪና ውስጥ ቀርቷል። እዚያ ሄዶ የፈረመ ጓደኛችን ክንዱን ተጎድቶ ያለ ጭቅጭቅ የወጪ መጠየቂያ ቅጽ ሰጥተውታል። እኔ 11 ወር ሙሉ በየወሩ ከፈልኩ። ጎማውን አልቆጠርኩትም። ሴትዮዋ በሕጉ ልክ ናት፣ ይገባኛል። ግን እግሬ በፋሻ ተጠቅልሎ ቆሜ «ተቀመጥ» ማለት ምን ይከብዳል?

ስለዚህ አስተባባሪህን ዛሬውኑ ደውልለትና ስምህ የት እንደሚመዘገብ ጠይቀው። ቦት ስትገዛ ደግሞ ሚስማር የማያሳልፍ ሶል ያለው ስጡኝ በል።

ቦርሳው ውስጥ ምን ልያዝ ላልከው፣ ጋቢ ጨምር። ቀኑን በቲሸርት ውለን በማግስቱ ብርድና ዝናብ ነበር። እማማን ያወጣኋቸው በቀሚስ ብቻ ነው፤ የማለብሳቸው አጥቼ ያንኑ ቬስት አለበስኳቸው።