መምህር የተዋሰው መጽሐፍ፦ ለወጣት የዩኒቨርሲቲ መምህራን የተሰጠ ምክር

ውድ ወጣት መምህራን፣

አዲስ ተቀጥራችሁ ወደ ግቢ ስትገቡ ብዙ ቢሮ ትዞራላችሁ፤ ሰው ሀብት፣ ፋይናንስ፣ ዲፓርትመንት፣ ቤት የሚሰጥ ካለም ቤት አስተዳደር። ቤተ መጻሕፍቱ ከሁሉ በኋላ ይመጣል፤ አንዳንዱ ሰው ለክሊራንስ ፊርማ ካልሆነ በቀር ደጁን አይረግጥም። በላይብረሪ ሙያ ያረጀሁ እኔ የምለምናችሁ ከእሱ እንድትጀምሩ ነው። ለመምህር የሚሰጠው የውሰት መብት ከተማሪው ይሰፋል፤ መጽሐፉ ይበዛለታል፣ ቀኑ ይረዝምለታል፣ ቅጣቱም ይላላለታል። ይህ ሁሉ የተፈቀደለት ክፍሉ በደንብ እንዲማር ነው። መብቱ ተማሪውን መጽሐፍ ካሳጣው የተሰጠበት ምክንያት ፈርሷል።

መጀመሪያ በትክክል ተመዝገቡ። በአገራችን ያሉ ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች የሚጠቀሙት ኮሃ የሚባለውን ነፃ የቤተ መጻሕፍት ሶፍትዌር ነው። ኮሃ የሚፈቅድና የሚከለክለው ሦስት ነገር አይቶ ነው፦ ተዋሹ በየትኛው ምድብ እንደተመዘገበ፣ መጽሐፉ ምን ዓይነት እንደሆነና በየትኛው ቅርንጫፍ እንዳለ። በዚያው ግቢ ተምረው እዚያው የተቀጠሩ መምህራን ብዙ ጊዜ የድሮው የተማሪ መዝገባቸው ሳይቀየር ይቀራል። እንዲህ ሲሆን ሲስተሙ እንደ ተማሪ ይቆጥራቸዋል፤ ማዋሻው ላይ የተቀመጠው ሠራተኛም ደንቡን በራሱ ሥልጣን ሊያልፈው አይችልም። ስለዚህ የቅጥር ደብዳቤና የሠራተኛ መታወቂያ ይዛችሁ ሂዱና ምድባችሁን አስለውጡ። የምታዩትን ኢሜይል አስመዝግቡ፤ የመመለሻ ቀን ማስታወሻ የሚመጣው በእሱ ነው። የኮንትራት መምህር ከሆናችሁ የመዝገባችሁን ማብቂያ ቀን ጠይቁ። ውል ሲታደስ የላይብረሪ መዝገብ አብሮ አይታደስም፤ በሴሚስተሩ መካከል በድንገት «አይፈቀድም» የሚል መልስ የሚመጣው ብዙውን ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው።

የመጽሐፉ ብዛትና የቀኑ ርዝመት በየዩኒቨርሲቲው መመሪያ ይለያያል። ጓደኛ የነገራችሁን አትያዙ፤ መመሪያውን ራሳችሁ አንብቡ። ስንት መጽሐፍ፣ ለስንት ቀን፣ ስንት ጊዜ ማራዘም እንደሚቻል፣ ከሕንፃው የማይወጣው የትኛው እንደሆነ፣ የጠፋ መጽሐፍ እንዴት እንደሚተካ ካወቃችሁ ይበቃል።

አሁን ዋናው ጉዳይ ላይ ደርሻለሁ። በብዙ ላይብረሪዎቻችን አንድ የማስተማሪያ መጽሐፍ በአንድ ወይም በሁለት ቅጂ ብቻ ይገኛል። መምህሩ ያንን አንድ ቅጂ በመስከረም መጨረሻ ተውሶ ቢሮው መደርደሪያ ላይ ያኖረዋል። ደንቡን አልጣሰም፤ አንድ ሴሚስተር ተፈቅዶለታል። በኅዳር ግን ምዕራፍ አራትን አንብባችሁ ኑ ብሎ ስድሳ ተማሪ ያዛል። ተማሪዎቹ ካታሎጉን ሲያዩ መጽሐፉ «ወጥቷል» ይላቸዋል። ቀጥሎ የሚሆነውን ታውቁታላችሁ፤ ከየት እንደመጣ የማይታወቅ፣ ገጽ የጎደለው ፒዲኤፍ በቴሌግራም ይዞራል።

መፍትሔው ሪዘርቭ ነው። ሴሚስተሩ ከመጀመሩ ከሁለት እስከ ሦስት ሳምንት ቀደም ብላችሁ የኮርስ አውትላይናችሁን ለሪዘርቭ ክፍሉ ስጡ። የመጽሐፉ ርዕስ፣ እትሙ፣ የሚነበቡት ምዕራፎች፣ የተማሪው ቁጥርና በየትኛው ሳምንት እንደሚፈለግ ይጻፍበት። ሠራተኛው መጽሐፉን ከአጠቃላይ መደርደሪያው አንሥቶ በአጭር ውሰት ያስቀምጠዋል።

ሂሳቡን አብረን እንሥራው። ላይብረሪው ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ ማታ 4 ሰዓት ክፍት ነው እንበል፤ አሥራ አራት ሰዓት ማለት ነው። አንድ ቅጂ ለሁለት ሁለት ሰዓት ቢሰጥ በቀን ሰባት ተማሪ ያነበዋል። ሲዘጋ ወስዶ በጠዋት ለሚመልስ የአንድ ሌሊት ውሰት ከተፈቀደ ስምንት ይሆናሉ። ስድሳ ተማሪ ሁለት ሁለት ሰዓት እንዲደርሰው ታዲያ ስምንት ቀን ያህል ይፈጃል፤ ያውም ሁሉም በተራው ከመጣ። ስለዚህ ዓርብ ዕለት ተናግሮ ለሰኞ መፈተን አይቻልም። ንባቡን ቢያንስ ከሁለት ሳምንት በፊት አስታውቁ። ሁለተኛ ቅጂ ካለ ዘመኑ በግማሽ ይቀንሳል፤ መምህሩ ቢሮ ያለው ቅጂ ሁለተኛው ቅጂ ሊሆን ይችል ነበር።

እናንተ የያዛችሁትን መጽሐፍ ሌላ ሰው በሲስተሙ ሲያስይዘው ማራዘም አይቻልም። ይህን እንደ ስድብ የሚቆጥሩ አሉ፤ «እኔ መምህር ነኝ» ይባላል። መጽሐፉን መልሱለት። ካስፈለጋችሁ እናንተም ተራ አስይዙ፤ ወረፋው ሲደርስ ይጠሯችኋል። የምትመሩት የድኅረ ምረቃ ተማሪ መጽሐፍ ሲፈልግም በስማችሁ አታውጡለት። ተማሪው ተመርቆ ይሄዳል፤ ዕዳው ግን በእናንተ መዝገብ ላይ ይቀራል።

ቅጂ እንዲጨመር የምትፈልጉ ከሆነ ወቅቱን እወቁ። የመንግሥት በጀት ዓመት ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 ነው። ግዢው በጨረታ ስለሚያልፍ ጥያቄያችሁ በመስከረምና በጥቅምት ቢደርስ ጥሩ ነው፤ በመጋቢት የሚመጣ ዝርዝር አብዛኛውን ጊዜ ወደሚቀጥለው ዓመት ይሻገራል። ዝርዝሩ ላይ ደራሲ፣ ርዕስ፣ አሳታሚ፣ ዓመት፣ ስንተኛ እትም እንደሆነ፣ የቅጂ ብዛት፣ የኮርሱ ኮድና ባለ 13 አሃዙ አይኤስቢኤን ይኑር። እትሙ በግልጽ ካልተጻፈ አቅራቢው ርካሹንና አሮጌውን አምጥቶ «ርዕሱ ያው ነው» ሊል ይችላል፤ የግዢ ኮሚቴውም በምን ይከራከረው? አይኤስቢኤን እትሙንም ሽፋኑንም የሚለይ ቁጥር ስለሆነ ይህን በር ይዘጋዋል። ባለ 10 አሃዝ ካያችሁ እ.ኤ.አ. ከ2007 በፊት የታተመ ሊሆን ስለሚችል አዲስ እትም መኖሩን አጣሩ።

ስለ ፍለጋ ትንሽ ልቆይ፤ «ላይብረሪው ውስጥ የለም» ከሚባለው ውስጥ ብዙው አለና። የኢትዮጵያውያን ደራስያን ስም በአገራችን ካታሎግ የሚገባው በራሳቸው ስም ነው፤ የታሪክ ምሁሩን ባሕሩ ዘውዴን የምታገኙት «ባሕሩ» ብላችሁ ነው። በውጭ አገር የጽሑፍ ማውጫዎች ግን የአባት ስም እንደ ቤተሰብ ስም ተቆጥሮ «ዘውዴ» ከሚለው ሥር ሊገባ ይችላል። ሁለቱንም ሞክሩ። የአማርኛ መጽሐፍ በፊደላችን ሲመዘገብ ደግሞ ሀ፣ ሐ፣ ኀ፤ ሰ፣ ሠ፤ አ፣ ዐ፤ ጸ፣ ፀ ለሲስተሙ የተለያዩ ፊደላት ናቸው። «ኃይለ ሥላሴ» ብሎ ያጣ ሰው «ሃይለ ስላሴ» ብሎ ሊያገኝ ይችላል። በላቲን ፊደል የተመዘገበ ከሆነ አጻጻፉ እንደ መዝጋቢው ይለያያል፤ የመጀመሪያዎቹን ሦስትና አራት ፊደላት ጽፋችሁ የኮከብ ምልክት ጨምሩበት፤ ኮሃ የቀረውን ያሟላል።

የዘመን አቆጣጠሩም ያሳስታል። በጥቅምት 1995 የታተመ መጽሐፍ በአውሮፓውያን 2002 ነው፤ በግንቦት 1995 ከሆነ 2003። መዝጋቢው «1995» ብሎ ብቻ ከተወው ሲስተሙ ከአውሮፓውያኑ 1995 ጋር ይደረድረዋል። በዓመት ገድባችሁ የምትፈልጉ ከሆነ በሁለቱም አቆጣጠር ፈልጉ። ስትጠቅሱም ዓ.ም. ወይም እ.ኤ.አ. መሆኑን ጻፉ።

መደርደሪያው ጋ ስትደርሱ የምትፈልጉትን ብቻ ይዛችሁ አትመለሱ፤ ጎረቤቶቹን እዩ። የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ባወጣው የመጻሕፍት አመዳደብ የኢትዮጵያ ታሪክ ከዲቲ (DT) 371 እስከ 390 ባለው ውስጥ ነው፤ ዲዊ በሚባለው ሌላ አመዳደብ ደግሞ 963 ላይ። ከነጥቡና ከፊደሉ በኋላ ያለው የኮንግረስ ቁጥር እንደ አስርዮሽ ይነበባል፤ ስለዚህ ቢ34 ከቢ4 በፊት ይቆማል። ይህን የማያውቅ ሰው አንብቦ በቅንነት ሲመልሰው ያለቦታው ያኖረዋል፤ ያለቦታው የተቀመጠ መጽሐፍ ደግሞ ቆጠራ እስኪደረግ ድረስ እንደጠፋ ነው። ያነበባችሁትን ጠረጴዛው ላይ ተዉት። ሠራተኛው ሲሰበስበው በውስጥ የተነበበውን መዝግቦ ስለሚይዝ፣ የትኛው መጽሐፍ ቅጂ እንደሚያስፈልገው የሚታወቀውም ከዚያ ነው።

ከግቢያችሁ ውጭ ያሉትንም እወቋቸው። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ስድስት ኪሎ ግቢ ያለው፣ እ.ኤ.አ. በ1963 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ስለ አገራችን ለሚጽፍ ሰው የግድ ነው፤ ግን ሄዶ እዚያው ማንበብ እንጂ መዋስ አይታሰብም። የብሔራዊ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍትም እንዲሁ ነው። ከክልል ዩኒቨርሲቲ የምትመጡ ከሆነ የዲፓርትመንታችሁን የትብብር ደብዳቤ ከምርምሩ ርዕስ ጋር ይዛችሁ ኑ። «ትብብር ይደረግለት» ብቻ የሚል ደብዳቤ ሠራተኛው ምን እንደሚያወጣላችሁ አይነግረውም፤ የፈለጋችሁትን የጽሑፍ ዓይነትና ዘመን አስጽፉበት።

በኤሌክትሮኒክስ የሚገኘውን በአጭሩ ልንገራችሁ። የምርምር መጽሔቶችን በሚያቀርበው፣ ሪሰርች ፎር ላይፍ በሚባለው ማዕቀፍ ሥር ሂናሪ ለጤና፣ አጎራ ለግብርና፣ ሌሎቹም ለአካባቢ፣ ለቴክኖሎጂና ለሕግ አሉ፤ የኢትዮጵያ ተቋማት ያለ ክፍያ ይጠቀማሉ። የሚመዘገበው ተቋሙ ስለሆነ የይለፍ ቃሉን ከላይብረሪያኑ ጠይቁ። በቴሌግራም አታሰራጩት፤ በራሱ በሚያወርድ ፕሮግራምም የአንድ መጽሔት ቅጾችን በሙሉ አትጭኑ። አሳታሚው ያልተለመደ ብዛት ሲያይ የሚዘጋው አንድን ሰው አይደለም፤ ግቢውን በሙሉ ነው። ጄስቶር በሚባለው የመጽሔቶች የኢንተርኔት ክምችት ላይ የቅርብ ዓመታት ቅጽ ብታጡ ብልሽት አይደለም፤ ብዙ መጽሔቶች የቅርቡን ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ያስቀሩታል።

ፎቶ ኮፒን በተመለከተ፣ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለግል ጥቅም ማባዛትን ቢፈቅድም የመጽሐፉን አብዛኛውን ክፍል ማባዛትን አይጨምርም። ምዕራፍ አባዙ፤ መጽሐፍ አታባዙ። ወፍራም መጽሐፍ መስታወቱ ላይ ተጭኖ ሲገለጥ ጀርባው ይሰነጠቅና ገጾቹ ይለቃሉ። የለቀቀ ገጽ ካገኛችሁ በተራ ፕላስተር አትለጥፉት፤ ሙጫው ቢጫ ሆኖ ወረቀቱን ይበላዋል። ለጥረዛ ክፍሉ ስጡት።

መጽሐፍ ከጠፋባችሁ ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ ተናገሩ። ከሐምሌ 2016 ወዲህ የውጭ ምንዛሪ በገበያ ዋጋ መተመን ስለጀመረ፣ ድሮ በጥቂት መቶ ብር የተገዛ የውጭ መጽሐፍ ዛሬ ለመተካት ብዙ ሺህ ብር ሊጠይቅ ይችላል። አንዳንድ ቦታ የሚቀበሉት ያንኑ ርዕስ በዚያው ወይም በአዲሱ እትም ነው፤ ስለዚህ ከመግዛታችሁ በፊት ምን እንደሚቀበሉ በጽሑፍ ጠይቁ።

ለትምህርት ወደ ውጭ ወይም ወደ ሌላ ተቋም ስትሄዱ ክሊራንሱን ለመጨረሻው ሳምንት አትተዉት። መሄጃችሁ አንድ ወር ሲቀረው የተዋሳችሁትን መጻሕፍት ዝርዝር ከማዋሻው አስወጡና ከቢሯችሁ መደርደሪያ ጋር አመሳክሩ። መጽሐፉን ለባልደረባ «አስረክብልኝ» ብላችሁ አትስጡ፤ ራሳችሁ አስረክቡ፣ ባርኮዱ ሲነበብ ቆማችሁ እዩ፣ በመዝገባችሁ ላይ የቀረ እንደሌለ በስክሪኑ አረጋግጡ፤ ከዚያ ፊርማውን ተቀበሉ። ቢሮ ተቆልፎበት ሦስትና አራት ዓመት የሚቆይ መጽሐፍ ብዙ ነው። ኮርሳችሁን ለሚረከበው መምህርም የሪዘርቭ ዝርዝሩንና የትኛው ምዕራፍ በየትኛው ሳምንት እንደሚነበብ ጽፋችሁ ስጡት፤ አንዱን ግልባጭ ለሪዘርቭ ክፍሉ ተዉለት።