«ማቅለሽለሽ አለ?» ወይስ «ያቅለሸልሽዎታል?»

ጥያቄ፦ ደሴ ውስጥ ኬሞ (የካንሰር መድኃኒት) የሚወስዱ ታካሚዎችን የምከታተል ነርስ ነኝ። መጠይቃችን «ማቅለሽለሽ አለ? ድካም አለ? ትኩሳት አለ?» ይላል። ብዙዎቹ «የለም፣ አልሐምዱሊላህ» ብለው ያልፋሉ፤ አስታማሚዎቻቸው ግን ሌላ ይነግሩናል። ችግሩ የአማርኛው ይሆን?

መልስ፦ ከፊሉ የአማርኛው ነው። ዓረፍተ ነገሩ የሰዋስው ስሕተት የለበትም፤ ነገር ግን ሰው ሕመሙን እንዲህ ብሎ አይናገርም። በአማርኛ ሕመም በአብዛኛው የሚነገረው በግስ ነው፤ ግሱም ታማሚውን ተሳቢ ያደርገዋል፦ አመመኝ፣ ደከመኝ፣ አቅለሸለሸኝ፣ ወረረኝ። «ማቅለሽለሽ አለ?» ሲባል ማንን፣ መቼ የሚለው ይጠፋል። «ኬሞውን ከወሰዱ ወዲህ አቅለሽልሾዎታል?» ቢባል ሰውየው የራሱን ሆድ ያስታውሳል። ቀኑንም ጨምሩበት፤ እንደ ሲስፕላቲን ያለ የኬሞ መድኃኒት ከዕለቱ ይልቅ በ2ኛውና በ3ኛው ቀን ሊያስመልስ ይችላል። «አስመለሰዎት?» ካላችሁ «ከትናንት ጠዋት እስከ ዛሬ ጠዋት ስንት ጊዜ? ውሃስ ይረጋልዎታል?» ብላችሁ ቀጥሉ።

«አልሐምዱሊላህ» እና «እግዚአብሔር ይመስገን» የሰላምታ መልስ ናቸው። ወሎዬ «እንዴት ነዎት?» ሲባል አስቀድሞ ያመሰግናል። ይህን ምላሽ በቅጹ ላይ «የለም» ብሎ መመዝገብ በደል ነው። ሰላምታው በወጉ ይለቅ፤ ጥያቄው ከዚያ በኋላ ይጀምር።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ «ትኩሳት አለ?» የሚለው ነው። «በረደኝ» የአየር ነገር ነው፤ ደሴ ላይ፣ በተለይ ከኮምቦልቻ ሙቀት ለሕክምና ለወጣ ሰው፣ ማንም ከቁም ነገር አይቆጥረውም። «ብርድ ብርድ አለኝ» ግን ሌላ ነው። ስሙ ተደግሞ «አለኝ» ሲከተለው ስሜቱ ከውስጥ መነሣቱን ይናገራል፤ «ትውክት ትውክት አለኝ»፣ «እንቅልፍ እንቅልፍ አለኝ» እንደምንለው። ከኬሞ በኋላ በአብዛኛው ከ7ኛው እስከ 14ኛው ቀን ኢንፌክሽን የሚከላከለው ነጭ የደም ሴል እጅግ ስለሚያንስ፣ በዚያ ጊዜ ብርድ ብርድ ማለት የኢንፌክሽን መጀመሪያ ሊሆን ይችላል። ታማሚው «ምች መታኝ» ብሎ ዳማከሴ እየጠጣ ቢያድር ሰዓቱ ያልፋል። ስለዚህ «ብርድ ብርድ ብሎዎታል? ምች መቶኛል ብለው ያሰቡት ነገር አለ?» ብላችሁ በራሱ ቃል ጠይቁት። ለታማሚው በምትሰጡት ወረቀት ላይም በግልጽ ይጻፍ፦ ቴርሞሜትር 38 ድግሪ ወይም በላይ ካሳየ፣ ሌሊትም ቢሆን ወዲያው ወደ ሐኪም ቤት። ሳይለኩ ፓራሲታሞል መዋጥ ትኩሳቱን ይደብቃል። ቴርሞሜትር የሌለው ብርድ ብርድ ካለው ሳይጠብቅ ይምጣ።

«ድካም» ደግሞ ሥራን ያስታውሳል፤ ያልሠራ ሰው «አልደከመኝም» ቢል እውነቱን ነው። የኬሞው ድካም ተኝተው ቢነሡም የማይለቅ ነው፤ ለእሱ «ሰውነትዎ ይዝላል? አቅም ያንስዎታል?» ይሻላል። በኑሮ ለመለካት «ውሃ ለመቅዳት፣ ለመታጠብ፣ ለስግደት መነሣት ይችላሉ?» ይበቃል።

ቪንክሪስቲንና ፓክሊታክሰል የሚባሉት የኬሞ መድኃኒቶች የእጅና የእግር ነርቭ ሊጎዱ ይችላሉ። «መደንዘዝ» የሚለው ቃል ብቻውን አይበቃም፤ አንዱ «ይወረኛል» ይላል፣ ሌላው «ይጠዘጥዘኛል»፣ ሌላው «ያቃጥለኛል»። ሦስቱንም ቃላት ጥቀሱና ቀጥሎ የሸሚዝ ቁልፍ መቆለፍ፣ ሳንቲም በጣት መለየት አቅቶት እንደሆነ ጠይቁ። አዎ ካለ፣ ከሚቀጥለው ዙር በፊት ሐኪሙ ይወቅ፤ መጠኑ ሊቀነስ ወይም መድኃኒቱ ሊቀየር ይችላልና።