የዕጩዎች ምዝገባ ሳይዘጋ

ውድ ልጆቼ፣

አንዳንዶቻችሁ በምትኖሩበት አገር የፖለቲካ ፓርቲ አባል ሆናችሁ በወረዳ ኮሚቴ መመረጥ ጀምራችኋል። ሌሎቻችሁ በምርጫ ዘመቻ የሰው በር እያንኳኳችሁ ነው። ደስ ብሎኛል። የእኔ ትውልድ ፖለቲካን ያወቀው በጠመንጃ ወይም በስደት ነበር፤ እናንተ በስብሰባ አጀንዳና በቃለ ጉባኤ ልታውቁት ነው። አሰልቺነቱን አትናቁት።

እኔ ዕድሜዬን የጨረስኩት የማኅበራትንና የድርጅቶችን መተዳደሪያ ደንብ በማርቀቅ ነው። ረቂቁ ሲነበብ ተሰብሳቢው ሁሉ ሰዓቱን ማየት የሚጀምርበት አንድ አንቀጽ አለ፤ ለኃላፊነት የሚታጭ ሰው ምን ማሟላት እንዳለበትና ዕጩነቱ በምን ምክንያት እንደሚሰረዝ የሚዘረዝረው። «ይሄማ ግልጽ ነው፣ እንለፈው» ይባላል። የምጽፍላችሁ ስለዚያ አንቀጽ ነው። ጽንፈኛና አይሁድ ጠል የሆነ ሰው በፓርቲያችሁ ስም ለመወዳደር ሲመጣ ያ አንቀጽ ወይ ያድናችኋል፣ ወይ ባለመኖሩ ታፍራላችሁ። «የእኛ ፓርቲ እንዲህ ያለ ሰው አይወጣውም» አትበሉ። ከግራውም ከቀኙም ወጥቷል።

የአሜሪካዋን ግዛት የሉዊዚያናን ታሪክ ሰፋ አድርጌ ልንገራችሁ። (ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ዴቪድ ዱክ ኩ ክለክስ ክላን የተባለው የነጭ የበላይነት አራማጆች ድርጅት መሪ የነበረ፣ በተማሪነቱ የናዚ የደንብ ልብስ ለብሶ በአደባባይ የቆመ ሰው ነው። በ1988 በዴሞክራቶች በኩል ለፕሬዚዳንትነት ሞክሮ አልሆነለትም፤ በዓመቱ መጨረሻ ሪፐብሊካን ሆኖ ተመዘገበ። በየካቲት 1989 በኒው ኦርሊንስ አጠገብ በምትገኘው በሜታሪ ለግዛቱ ምክር ቤት ተወዳድሮ የራሱን ፓርቲ ሰው ጆን ትሪንን በ227 ድምፅ በለጠው። ሬጋንና ፕሬዚዳንት ቡሽ ሳይቀሩ «ትሪንን ምረጡ» ብለው ነበር። የፓርቲው ብሔራዊ ኮሚቴ በቀናት ውስጥ አወገዘው። የግዛቱ ኮሚቴ ግን ዝም አለ። ዝምታው አይገርምም፤ ዱክን የመረጡት ሰዎች ነገ የኮሚቴውን አባላትም የሚመርጡ ናቸው። በዚያ ላይ ዱክ በመድረክ ላይ ስለ አይሁድ አያወራም። የሚያወራው ስለ ግብር፣ ስለ ድጎማና ስለ ሥራ ኮታ ነበር።

ከኮሚቴው አባላት መካከል ቤዝ ሪኪ የምትባል የቱሌን ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበረች። ወግ አጥባቂ ናት፣ ከልቧ ሪፐብሊካን ናት። ዱክን ተከትላ ቺካጎ ድረስ ሄደች፤ እዚያ በተካሄደ የጽንፈኞች ስብሰባ ላይ ዱክ አርት ጆንስ ከሚባል የአሜሪካ ናዚ ፓርቲ ሹም ጋር ሲጨባበጥ ታየ። (የጆንስን ስም ያዙልኝ፣ እመለስበታለሁ።) ከዚያ ወደ ዱክ ጽሕፈት ቤት አቀናችና እንደ ማንኛውም ደንበኛ ሒሳብ ከፍላ የናዚ መጻሕፍት ገዛች፤ ስድስት ሚሊዮን አይሁድ አላለቁም የሚሉትን ጭምር። ሕዝብ የመረጠው ሰው ቢሮ ውስጥ! የገዛቻቸውን ይዛ ጋዜጠኞች ፊት ቀረበች። ዱክ አልጮኸባትም። ምሳ ጋበዛት፣ በስልክ ረጅም ወሬ ያወራት ጀመር፣ ሊያለሳልሳት ሞከረ። እንዲህ ያለ ሰው ሲያገኛችሁ እንደምታስቡት አስፈሪ ላይሆን ይችላል፤ ጨዋና አድማጭ ሆኖ ልታገኙት ትችላላችሁ።

በዚያው ዓመት ዱክን የማውገዝ ሐሳብ ለግዛቱ ኮሚቴ ቀረበ። ኮሚቴው አላጸደቀውም፣ ውድቅም አላደረገውም፤ ሳይወያይበት ወደ ጎን አቆየው። ስብሰባ ስመራ የኖርኩ ሰው ነኝና ይህን ዘዴ አውቀዋለሁ። ማንም እጁን አያወጣም፣ በቃለ ጉባኤው ላይም የማንም ስም አይሰፍርም።

የዝምታው ዋጋ በዓመቱ መጣ። በ1990 ዱክ ለአሜሪካ ሴኔት ሲወዳደር ስምንት የሪፐብሊካን ሴናተሮች ዴሞክራቱን ቤኔት ጆንስተንን እስከ መደገፍ ደረሱ። ፓርቲው ራሱ ያቀረበው ዕጩ ድምፅ ሊሰጥ ሁለት ቀን ሲቀረው ውድድሩን ጥሎ ወጣ። ዱክ ተሸነፈ፤ ያም ሆኖ ከመቶ አርባ ሦስት በላይ አገኘ። በ1991 ለአገረ ገዢነት ቀረበና በሥልጣን ላይ የነበረውን ሪፐብሊካን አገረ ገዢ ከጨዋታ አስወጥቶ ለመጨረሻው ዙር አለፈ። የተፋጠጠው ከኤድዊን ኤድዋርድስ ጋር ነበር፤ በሙስና ስሙ በየጊዜው ከሚነሳ አንጋፋ ፖለቲከኛ ጋር። ሰዎች በመኪናቸው ላይ «ሌባውን ምረጡ፣ ጉዳዩ ከባድ ነው» የሚል ጽሑፍ ለጥፈው ይሄዱ ነበር። ኤድዋርድስ 61 በመቶ አግኝቶ አሸነፈ፤ ጥቁር መራጮች በነቂስ ወጥተው ነበር። ዱክ ግን ከ670,000 በላይ ድምፅ ይዞ ቀረ። (ኋላ ሁለቱም በተለያየ ወንጀል እስር ቤት ገብተዋል፤ ለሉዊዚያና ሕዝብ የቀረበለት ምርጫ ይህ ነበር።)

«የአይሁድ ጉዳይ እኛን ምን አገባን?» ያለኝ ወጣት ነበር። ዱክ አይሁድን የሚጠላበት አፉ ጥቁርንም የሚጠላበት ነው። እሱ የመራው ክላን ሁለቱን አልለያየም።

አሁን ወደ አርት ጆንስ ልመለስ። ይኸው ሰው በ2018 በኢሊኖይ ሦስተኛው የምርጫ ወረዳ ለኮንግረስ የሪፐብሊካን ፓርቲ ዕጩ ሆነ። እንዴት? ማንም ስላልተወዳደረው። ወረዳው ዴሞክራቶች ሁልጊዜ የሚያሸንፉበት ስለሆነ ፓርቲው «ለምን እንደክማለን» ብሎ ሰው አላቀረበም። በ2016 ሞክሮ የድጋፍ ፊርማው ጉድለት ተገኝቶበት ከድምፅ መስጫ ወረቀቱ ላይ ተሰርዞ ነበር፤ በ2018 ፊርማውን አሟልቶ መጣ። ፓርቲዎች ዕጩዎቻቸውን በሚለዩበት የቅድመ ምርጫ ዕለት ብቻውን ነበር። ከዚያ በኋላ መግለጫው ጎረፈ። የሪፐብሊካን ሴናተሩ ቴድ ክሩዝ እንኳ «ወይ የሌላ ሰው ስም ጻፉ፣ ወይ ዴሞክራቱን ምረጡ» እስከ ማለት ደርሷል። በኅዳር ግን አንድ ሩብ ያህሉ መራጭ፣ ከ55,000 በላይ ሰው፣ ስሙ ላይ ምልክት አደረገ። ሁሉም ናዚዎች ናቸው ብዬ አላስብም። ብዙው የፓርቲውን ስም አይቶ የመረጠ ነው፤ የሚያስፈራኝም ይኸው ነው። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው እንዲህ ባለው ጊዜ ነው፤ አንድ ሌላ ዕጩ፣ ለመሸነፍም ቢሆን የተመዘገበ አንድ ጨዋ ሰው፣ በበቃ ነበር።

በእንግሊዝም የቀን ጉዳይ ሌበር ፓርቲን አዋርዶታል። በየካቲት 2024 በሮችዴል የማሟያ ምርጫ ዕጩው አዝሃር አሊ እስራኤል ሐማስ በ2023 የፈጸመባትን የጥቅምት 7ቱን ጥቃት ሆን ብላ እንዲፈጸም ፈቅዳለች ማለቱ ወጣ። ይቅርታ ጠየቀ፣ ፓርቲውም ተቀበለው። ወዲያው ደግሞ ስለ አይሁዶችና ስለ መገናኛ ብዙኃን የተናገረው ሌላ ነገር ተሰማና ፓርቲው ድጋፉን አነሳ። ነገር ግን የዕጩዎች ምዝገባ ተዘግቶ ነበር፤ በወረቀቱ ላይ ከስሙ ጎን «ሌበር» እንደሚል ቀረ። ፓርቲው ከጥቂት ዓመታት በፊት በአይሁድ ጠልነት አቤቱታዎች አያያዙ የአገሪቱ የእኩልነት ኮሚሽን ሕግ ጥሰሃል ያለው ነው። ደንቡን ከዚያ ወዲህ አጥብቋል፤ የዕጩውን የቀድሞ ንግግር ቀድሞ የሚመረምር ሰው ግን ደንብ ብቻውን አያመጣም።

የፖላንዱ ይብሳል። ግዜጎሽ ብራውን የሚባል የፓርላማ አባል በታኅሣሥ 2023 በምክር ቤቱ ሕንፃ ውስጥ የበራውን የአይሁዶች የሃኑካ ሻማ በእሳት ማጥፊያ አጠፋ። ኮንፌዴራትስያ የተባለው ስብስቡ ለጊዜው አገደው፤ በቀጣዩ ዓመት ግን በራሱ ዝርዝር አስገብቶ ለአውሮፓ ፓርላማ አስመረጠው። ያባረረው በ2025 መጀመሪያ ነው። የተባረረበትም ምክንያት ሻማው አልነበረም፤ የፓርቲውን ዕጩ ተቃውሞ ለፕሬዚዳንትነት እወዳደራለሁ ማለቱ ነበር።

እንግዲህ በኮሚቴ ስትቀመጡ መስፈርቱ ስም ሳይነሳ በፊት ይጻፍ። ስም ከተነሳ በኋላ የሚጻፍ መስፈርት የወዳጅን ጥፋት ለማሳነስ፣ የተቀናቃኝን ለማጋነን ይጣመማል። አይሁድ ጠልነት የምትሉትንም ለዩ። የእስራኤልን መንግሥት ፖሊሲ መተቸት፣ ስለ ጋዛ መጮኽ፣ የፖለቲካ መብት ነው፤ ብዙ አይሁዶችም ያደርጉታል። «አይሁዶች ባንኩንም ጋዜጣውንም ይዘውታል» የሚለው፣ ናዚዎች በአይሁዶች ላይ የፈጸሙትን እልቂት የሚክደው፣ የሰፈርህን አይሁዳዊ ሱቅ ከሩቅ ላለ መንግሥት ተጠያቂ የሚያደርገው ግን ሌላ ነው። ይህን ሳትለዩ ከገባችሁ ወይ ንጹሕ ሰው ታባርራላችሁ፣ ወይ ጥላቻውን «ትችት ነው» ብላችሁ ታሳልፋላችሁ። ሁለቱንም ሲደረግ አይቻለሁ።

ማስረጃ ያዙ። ሪኪን ያስደመጣት ገዝታ ያመጣችው መጽሐፍ ነው፤ «ሰዎች እንዲህ ይላሉ» ብትል ኖሮ ማንም አይሰማትም ነበር። ሐሳባችሁን ወደ ጎን ሊያቆዩት ሲሞክሩ ድምፅ በስም ተጠርቶ እንዲሰጥና በቃለ ጉባኤ እንዲሰፍር ጠይቁ። ከሃዲ ትባላላችሁ። «ለተቃዋሚ መሣሪያ ታቀብላላችሁ» ይሏችኋል፤ አንዳንድ ጊዜ እውነታቸውን ነው፤ መቀመጫው ሊታጣ ይችላል። ይህን ለመክፈል ያልተዘጋጀ ሰው ኮሚቴ ባይገባ ይሻላል።

የሚቀጥለው ምርጫ የዕጩዎች ምዝገባ የሚዘጋበትን ቀን በዚህ ሳምንት ከአካባቢያችሁ የምርጫ ጽሕፈት ቤት ጠይቁና፣ በፓርቲያችሁ ስም ማንም ያልተመዘገበባቸውን ወረዳዎች ዝርዝር ለሚቀጥለው ስብሰባችሁ ይዛችሁ ግቡ።

አክባሪያችሁ