«ልደት አመለጠኝ» ላልሽኝ እኅቴ

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን አሉ? በዓረብ አገር በቤት ሠራተኝነት ስኖር ሦስተኛ ዓመቴ ነው። ሁለት ገና አልፎኛል። ለአሠሪዎቼ ተራ የሥራ ቀን ነው፤ በአካባቢዬም ቤተ ክርስቲያን የለም። አምና ሌሊቱን ልብስ ስተኩስ ነው ያደርኩት። አብራኝ የምትሠራው ፊሊፒናዊት ደግሞ ከእኛ ቀድማ አክብራ ጨርሳለች። ዘንድሮ «ለማላከብረው በዓል ምን ያደርግልኛል» ብዬ ጾሙንም ተውኩት። የጌታ ልደት እንዲህ እያመለጠኝ እግዚአብሔር አያዝንብኝም?

መልስ፦ እኅቴ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደኅና ነኝ። ስለ ቀኑ ያነሣሽውን በአጭሩ ልለፈው። የዘመን አቆጣጠር ልዩነት ነው። እኛ ከመጋቢት 29 ብሥራት ዘጠኝ ወር ከአምስት ቀን ቆጥረን ታኅሣሥ 29 ላይ እንደርሳለን። ጳጉሜን ስድስት ከሆነች በኋላ በሚመጣው ዘመነ ዮሐንስ ደግሞ በ28 እናከብራለን፤ በ2016 ዓ.ም. እንዳደረግነው። በዚህ አትጨነቂ።

እኔን የያዘኝ «እያመለጠኝ» ያልሽው ቃል ነው። ይህን ከብዙ ሰው ሰምቼዋለሁ። አዳር ከገቡ ነርሶች ሰምቼዋለሁ፤ ከጥበቃዎች፣ ከአራስ እናቶችም ሰምቼዋለሁ። ገናን እንደ ሰው የልደት ቀን ስለምናስበው ነው። ዳቦው ሲቆረስ ያልነበረ ሰው ቀረበት፤ እንግዲህ ለከርሞ ይበለን ይባላል።

እኔና አንቺ በተወለድንበት ጊዜ መኖር ጀመርን። ጌታ ግን በቤተ ልሔም መኖር አልጀመረም። ሁለት ልደት አለው ብለን እናምናለን፤ ከዘመን በፊት ከአብ ያለ እናት፣ በኋላም ከእመቤታችን ያለ አባት። የዚያች ሌሊት አዲስ ነገር የእኛን ሥጋ የራሱ አድርጎ መገለጡ ነው። ወንጌላዊው ዮሐንስ «ቃልም ሥጋ ሆነ» ያለው ይህን ነው።

ታዲያ ሥጋን «ለበሰ» ስንል ብዙ ሰው እንደ ጋቢ ያስበዋል። ሠላሳ ሦስት ዓመት ለብሶ ቆይቶ፣ ሲያርግ አውልቆት የሄደ ይመስለዋል። እንዲህ ከሆነማ ልደት በእርግጥም ያለፈ ታሪክ ነው፤ ቀኑን ካላከበርሽው አመለጠሽ ማለት ነው። በቅዳሴ ካህኑ ሥጋውንና ደሙን ከማቀበሉ በፊት የሚለውን ግን ስንት ጊዜ ሰምተሻል! መለኮቱ ከትስብእቱ፣ ማለትም ሰው ከመሆኑ፣ ለአንዲት ሰዓት፣ የዓይን ጥቅሻ ታህል እንኳ አልተለየም ይላል። ሥጋችንን አልጣለውም። እስጢፋኖስ በድንጋይ ሊወገር ሲል ወደ ላይ አይቶ «የሰው ልጅ በእግዚአብሔር ቀኝ ቆሞ አያለሁ» አለ። ካረገ በኋላም «የሰው ልጅ» ይለዋል። አማኑኤል፣ እግዚአብሔር ከእኛ ጋር የተባለው ለአንድ ሌሊት አይደለም።

ላሊበላ ላይ በልደት በቤተ ማርያም ዙሪያ የሚዘመረውን «ቤዛ ኵሉ»ን ታውቂዋለሽ። ግማሾቹ ካህናት ከላይ በዐለቱ ጠርዝ፣ ግማሾቹ ከታች ሆነው ይቀባበሉታል፤ እንደ መላእክቱና እንደ እረኞቹ። «ቤዛ ኵሉ ዓለም ዮም ተወልደ» ይላሉ፤ የዓለሙ ሁሉ ቤዛ ዛሬ ተወለደ ማለት ነው። ዮም ማለት ዛሬ ነው። ከስንት መቶ ዓመት በኋላም ዛሬ ይላሉ እንጂ «ያኔ ተወልዶ ነበር» አይሉም። መልአኩም ለእረኞቹ «ዛሬ መድኃኒት ተወልዶላችኋል» ነው ያላቸው።

እስቲ እነዚያን እረኞች ደግመሽ እያቸው። ሉቃስ ምዕራፍ 2 ላይ፣ መንጋቸውን በሌሊት ሲጠብቁ በሜዳ ያደሩ ነበሩ። አዳር ገብተው ነበር ማለት ነው። በዓል ሊያከብሩ የተሰበሰቡ ሰዎች አልነበሩም። ምናልባት በጎቹ የራሳቸው ናቸው፤ ምናልባትም እንዳንቺ የሰው ተቀጣሪ ነበሩ፤ መጽሐፉ አይነግረንም። የምሥራቹ ግን መጀመሪያ የመጣው ሥራ ላይ ላሉት ነው። ልብስ ስትተኩሺ ያደርሽባት ሌሊት ከዚያ ሜዳ የራቀች አይደለችም። የጌታ እናትም ብትሆን ከቤቷ ርቃ፣ ማደሪያ አጥታ ነው በግርግም ያስተኛችው። ከቤት ርቆ በዓል ማሳለፍ ምን እንደሆነ የምታውቅ እናት አለችሽ።

እኅቴ፣ እግዚአብሔር የማይቻልሽን አይጠይቅሽም፤ በዚህም አያዝንብሽም። አሠሪ ያልፈቀደልሽ ቅዳሴ እንደ በደል አይቆጠርብሽም። ይህን ስል ቅዳሴን አቅልዬ አይደለም፤ መንገድ በተከፈተልሽ ቀን ሩጪ፣ ቍረቢም። አገር ቤት ሆኖ፣ ደወሉ እየተሰማው፣ ለቅርጫው ሲል ቅዳሴውን የሚተው ሰው ቢጠይቀኝ ግን መልሴ ሌላ ነው።

አንድ ነገር ላይ ግን አልስማማሽም። ጾሙን መተውሽ ልክ አልነበረም። ማንም አልከለከለሽም፤ አንቺው ነሽ የተውሽው። ተስፋ መቁረጥ ሲጀምር እንዲህ ነው፤ መጀመሪያ ሰው በወሰደብን ነገር እናዝናለን፣ ቀጥሎ በእጃችን የቀረውን ራሳችን እንጥላለን። ነቢያቱ የጾሙት በዓሉን ሳያዩ ነው። መምጣቱን ናፍቀው፣ ቀኑ ሳይደርስላቸው አንቀላፉ። የጾሙም ስም፣ ጾመ ነቢያት፣ ከእነርሱ ነው የተወሰደው።

ስለዚህ ያለፈውን ሳትቆጥሪ ከነገ ጀምሪ። ቤቱ ውስጥ የምታገኚው ምግብ ለጾም የማይመች ከሆነ ለንስሐ አባትሽ ደውዪና እንደ አቅምሽ ይወስኑልሽ። የልደት ሌሊት ሥራ ላይ ከሆንሽም ለአንድ ደቂቃ ካውያውን አስቀምጪና አማትቢ። «ዮም ተወልደ» በይ። ከዚያ ወደ ሥራሽ ተመለሺ፤ እረኞቹም እያመሰገኑ ተመልሰዋል።